የሰው ጫማ አድርጎ ተራራ የዞረው ሰውዬ

«የሰው ጫማ አድርገህ አልጋዬ ላይ አትወጣም ብያለሁ። ዛሬ የባንኩ ሰውዬ፣ ባለፈው ወር የጥርስ ሐኪሙ፣ ነገ ደግሞ የማንን ጫማ ይዘህ ልትመጣብኝ ነው? እኔ አንድ ባል አገባሁ እንጂ ማኅበር አላገባሁም።»

ይሄ የሚስቱ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስላወራች ቃሏ ሁሉ በጥርሷ መሃል ተወንፍቶ ነው የሚወጣው። ስትቆጣ ደግሞ አፍንጫዋም ያግዛታል።

ባልዬው ገና ራት ሳይቀርብ አልጋ ላይ ወጥቶ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል። በግርጌ በኩል ሁለት የተራራ ጫማዎች እንደ ጥቁር ድመት ብቅ ብለው ይታያሉ።

«አንቺ ደግሞ፣ ለዛሬ ብቻ ነው እኮ» አላት። «ቆዳው ገና ግድግዳ ነው። ሙቀት ካላገኘ አይላላም።»

«ግድግዳ ከሆነ ቀለም ቀባው።»

«ሥራዬ ነው።»

«ሥራህ ከሆነ ሥራ ቦታህ ሄደህ ተኛ። ደግሞ አያፍርም፣ ለሰው ሁሉ ተራራ ወጣሁ ይላል። የቱን ተራራ? የእናቴን ቤት ደረጃ እንኳን መሃል ላይ አርፈህ፣ ውሃ ለምነህ ነው የምትጨርሰው።»

ይቺን ስትናገር መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ፀጉር ቤት አለ፤ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጆሮ እንዳይቆርጥ ማሽኑን አጥፍቶ ነው የሳቀው።

ሰውዬው ብርድ ልብሱን ከአገጩ ወደ ግንባሩ ሳበው።

አላማጁ ይሉታል፣ ጫማ ስለሚያላምድ። ድሮ ጫማ ሰፊ ብቻ ነበር። ጥግ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ሱቁ አሁንም አለች፤ ሙጫና ቀለም ትሸታለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት አንደኛው መተንፈስ ማቆም አለበት። አንድ ቀን የተራራ ማኅበር የሚባሉት መጡ። እነዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ ተጣብቀው የሚውሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ተራራ ካልወጣን ሞተን እንገኛለን የሚሉ ናቸው። በዓመት አንዴ ደግሞ አውሮፕላን ተሳፍረው የሰው አገር ተራራ ይወጣሉ፣ እዚህ ያለው ያነሳቸው ይመስል። ሊቀመንበራቸው ጥርስ ሐኪሙ ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ተረከዙ ተልጦ፣ ስንቱን ሰው ያስለቀሰ ሐኪም ራሱ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«ይተዉት፣ እኔ አድርጌ ላለስልስልዎት» አለው ሰውዬው፣ እንዲያው ለጨዋታ።

በሳምንቱ ጫማው ካልሲ ሆነ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ በሙሉ ጫማውን ተሸክሞ ይጎርፍ ጀመር። ለሰፊው ጫማ ካልሲ ይደርባል፣ ለጠባቡ ትንፋሹን ይይዛል። ገበያ የሚሄደው በጠበቃው ጫማ ነው። አማቱን ሊጠይቅ የሚሄደው በኢንጂነሩ ጫማ ነው። የራሱ ጫማ የቱ እንደሆነ እሱም ረስቶታል።

ውሸቷ የጀመረችው ፀጉር ቤት ነው። እግሩን አይተው «ከተራራ ነው የምትመጣው?» አሉት። «አዎ» አለ፤ ደክሞት ነበር፣ ረጅም መልስ አልቻለም። «ጫፍ ላይ ምን አለ?» «ነፋስ አለ።» ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ሰማው። ይሄ ሰው በሕይወቱ ዝም ብሎ የሰማው ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ቤቱ ያለችውን ሰምታችኋታል። ስለዚህ ጨመረበት። ደመና ተንተርሼ ተኛሁ አለ። ንስር አጠገቤ መጥቶ ሰላም አለኝ አለ። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ተራራ ወጣ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ሰውዬው ያነክሳል። ሲፈጠር ግራ እግሩ አጠር ይላል፤ ብዙ አይደለም፣ ሚስቱ የሱሪውን ግራ እግር ሁለት ጣት ታሳጥርለታለች። ሲራመድ ወደ ግራ ጎንበስ፣ ከዚያ ቀና፣ ደግሞ ጎንበስ። ሁልጊዜ መሬት ላይ የወደቀ ነገር ያየ ነው የሚመስለው።

እና ያን ዕለት፣ ታች ያለው ሳቅ ገና ሳይበርድ፣ በሩ ተንኳኳ። ጥርስ ሐኪሙ ነው፣ ከውጭ አገር በተመለሰ በማግስቱ። ወደ ግራ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና እያለ መጥቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ሚስትየው መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉን?» አለ። ሲናገር ለስለስ አድርጎ ነው፣ ልክ ‹ትንሽ ነው የሚያምህ› እንደሚለው፤ ሰው የሚፈራውም ለዚህ ነው።

«ምን አደረግኳችሁ ዶክተር?» አለ አላማጁ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተሰልፈን ስንወርድ ሁላችንም እኩል እናነክሳለን። እኩል፣ ጋሼ። ጎንበስ ስንል አብረን፣ ቀና ስንል አብረን። ፖሊሱ አየና ‹እነዚህ ግራ ጫማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ደብቀዋል› አለ። ጫማችንን አስወልቆ በማሽን አሳለፈው፣ ምንም የለም። በባዶ እግራችሁ ሂዱ አለን። በባዶ እግራችንም አነከስን። ከዚያማ እግራችንን ብቻውን በማሽኑ ሊያሳልፈው ምንም አልቀረው። ዕረፍታችን እስኪያልቅ አንድ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲያስኬዱን ሰነበቱ። ተራራውን በመስኮት አየሁት። ቆንጆ ነው።»

«እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» አለች ሚስትየው። «የማኅበራችሁ ሰው ሁሉ ግራው ረዘመብኝ እያለ ሱሪ ሲያሳጥር ከረመ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሱሪ ይዞ ለመጣ ሰው እግርህ ተበላሽቷል ልበለው?»

ጥርስ ሐኪሙ ተነፈሰ። «ነገ ቅዳሜ ነው። ከኛ ጋር ይመጣሉ። ጫማው የተማረው ከእርስዎ ነው፤ እርስዎ ተራራ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ አይተን እናርመዋለን። መቼም ጫፍ ስንቴ ወጥተው የለ፣ ፀጉር ቤት ሰምቻለሁ።»

«ሂድ እንጂ» አለች ሚስትየው፣ ሳቋን በመዳፏ ይዛ። «ንስሩም ይናፍቅሃል። እኔም እሄዳለሁ፣ ለደመናው የትራስ ልብስ እሰፋለታለሁ።»

አላማጁ መስኮቱን አየ። ታች ማሽኑ አሁንም እንደጠፋ ነው። «እሄዳለሁ» አለ፣ ታች እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ጫፍ ከወጣ የእስከ ዛሬው ሁሉ እውነት ይሆንለታል። ካልወጣ ግን ከእንግዲህ ፀጉሩን ሌላ ሰፈር ሊቆረጥ ነው።

ጠዋት በማኅበሩ አውቶቡስ ሄዱ። የባንኩ ሰውዬ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል፣ ጫማው ግን አብሮ ይሂድ ብሏል፤ ስለዚህ አላማጁ እሱኑ አደረገ። ሚስቱ ነጠላ ጫማ አድርጋ ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ከተራራው ሥር ወርደው ጉዞ ተጀመረ። ከፊት አላማጁ፣ ከኋላው ማኅበሩ፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፤ መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች አንድ ነገር ጠፍቷቸው የሚፈልጉ መስሏቸው አብረው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር።

ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላው ተራራውን ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ ይዞረዋል፤ ዘመም ያለ ነው፣ በተራራው በኩል ግራው ከፍ፣ በገደሉ በኩል ቀኙ ዝቅ ያለ። አላማጁ ትንፋሽ ልሰብስብ ብሎ ቀበቶው ላይ ጥቂት ተራመደ። ቆመ። እግሩን አየ። ደግሞ ተራመደ።

አጭሩ እግር ከፍ ባለው፣ ረጅሙ ዝቅ ባለው ሲያርፍ ሰውዬው ቀጥ አለ። ትከሻው እኩል ሆነ፣ አንገቱ ከኮሌታው ወጣ፣ ድንገት ከሚስቱ በቁመት በለጠ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለች።

«ዝም በይ፣ እየሄድኩ ነው።»

ማኅበሩ ተከተለው። አንድ በአንድ እንደ ሻማ ቀጥ፣ ቀጥ እያሉ መጡ። ጥርስ ሐኪሙ ትከሻውን በእጁ ዳሰሰና ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ይሄ ሰውዬ እንባው ቅርብ ነው። አንድ ዙር ዞረው መንገዱ ከሚከፈልበት ደረሱ። አላማጁ ወደ ጫፉ ዞረ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ ወዲያው ጎንበስ አለ። እግሩን መልሶ ቀበቶው ላይ አኖረው።

ሚስትየው ታክቷት በነጠላ ጫማዋ ሽቅብ ወጣችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ከቀበቶው ሩቅ አይደለም፣ አንድ ፎቅ ቢሆን ነው፤ ድምፅ ይሰማል።

«ና ውጣ እንጂ፣ ይኸው እኮ ጫፉ።»

«ይሄን ዙር ልጨርስና።»

ሲመለስ ደግሞ፣ «ነፋስ የለም እዚህ፣ ዋሽተሃል።»

«ጠብቂው፣ ይመጣል።»

በሚቀጥለው ዙር፣ «ንስርም የለም። አንዲት ፍየል ናት ያለችው።»

«ሰላም በይልኝ።»

«ዳቦውን ወሰደችብኝ።»

«መጣሁ አልኩሽ እኮ።»

አልመጣም። በየዙሩ ጫፉን ቀና ብሎ ያያል፣ ‹አሁን ልውጣ› ይላል፣ ደግሞ ‹ትንሽ ቀጥ ብዬ ልሂድና› ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀንበር አዘቀዘቀች፤ ከታች የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባውን ለቀቀው።

አሁን ጉድ ፈላ። መንገዱ ከሚከፈልበት ገና ማለፋቸው ነበር፤ ለመመለስ ፊት ማዞር አለ፤ ፊት ሲዞር ተራራው በቀኝ ይሆናል። ጥርስ ሐኪሙ ሞከረና እሾህ ውስጥ ገባ። ሚስትየው ከላይ ሆና አየቻቸው፣ መርፌ እንደያዘ ሰው ከንፈሯን ሰብስባ አሰበችና «ግራ ጫማችሁን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርጉ» አለች። አደረጉ። እንደ ዳክዬም ቢሆን ወረዱ።

የአላማጁ ግን ጫማው አይደለም፣ እግሩ ነው። እግር ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ አይቀየርም። ስለዚህ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፣ ተራራው በግራው እንደሆነ። ሚስቱ ወርዳ ከጀርባው የጃኬቱን ጨርቅ ያዘችና እንደ መጋረጃ ትጎትተው ጀመር።

«ምን ነበር እዚያ?» አላት፣ ዐይኑን ከጫፉ ሳይነቅል።

«ፍየል አልኩህ።»

«ከፍየሏ ሌላ?»

ዝም አለች። ዝም ስትል ሰማኋት የሚል ሰው በሰፈሩ የለም፣ እሱ ነው የመሰከረው። «አንተን አየሁህ» አለች በኋላ። «ቀጥ ብለህ ስትሄድ። ከላይ ሆኜ ይሄ ደግሞ የማን ባል ነው ብዬ ነበር።»

እሁድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። «እህሳ፣ ወጣህ?» አሉት ገና እግሩ ሳይገባ። አላማጁ ወንበር ሲስብ ከላይ መስኮቱ ተከፈተ።

«ፍየሏ ሰላም ብላችኋለች» አለች ሚስትየው፣ በጥርሷ መሃል። «ነፋሱ አልነበረም፤ ጠብቂው፣ ይመጣል ብሎኝ ነበር። ሌላውን እሱን ጠይቁት፣ እኔ ሥራ አለኝ።»

ሰዉ ዝም ብሎ ወደ አላማጁ ዞረ፣ ሊሰማ። እሱ ግን ስለ ጫፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ቀበቶው ነው ያወራው፣ እስኪመሽ። ማኅበሩም አሁን ሌላ መንገድ አንሄድም ብሏል፤ ጫማቸውን እንደ ድሮው እያመጡ፣ «እንደ እርስዎ ያድርጉልን ጋሼ» ይላሉ።

ይሄን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እዚህ ድረስ ስጽፍ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ። በብብቱ አዲስ የሴት ጫማ ይዟል።

«አንቺ ልጅ፣ አልወጣም ብለሽ ጻፍሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ ጋሼ? አልወጡማ።»

«ቅዳሜ እንሄዳለን። ቅዳሜ ሳይደርስ አልወጣም ይባላል እንዴ? እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። ይልቅ ይሄን ጫማ አድርጊልኝ፣ የኔ እግር እንቢ ብሎታል። ተነሺና ወዲያ ወዲህ በይ እስቲ፣ ቀጥ ብለሽ። በቃ፣ አትጻፊ አልኩሽ እኮ።»