ባዶው ወንበርና «እናንተ»

ሦስታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኘው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች ጁስ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም ነበርን። አንደኛዋ ልታገባ ነው፤ እኔ ሚዜዋ ነኝ። ቀሚሴም ጎፋ ልብስ ሰፊ ጋ ሊያልቅ ደርሷል።

ሙሽራዋ ተማሪ ሳለች አንድ ምዕራፍ አንብባ ስትጨርስ አይቻት አላውቅም። አሁን ግን የፖለቲካ ተንታኝ ወጥቷታል። ትንተናው የሚፈልቀው ከስልኳ ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ካሜራ ላይ ከሚጮህ ሰውዬ። ጠዋት ሰውዬው ያለው፣ ከሰዓት በኋላ የራሷ ሐሳብ ሆኖ ይመጣል። ጩኸቱም ሳይቀር።

የዚያን ቅዳሜም ሰውዬው ስለ አንድ ክልል ጦርነት ሲጮህ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን። እኔ ክርክር አልወድም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አፌ ውስጥ አገላብጬ አገላብጬ ነው የማወጣት። ቢሆንም ስፕሪሴን እያየሁ፣ «እዚያ የሚኖሩትንስ የጠየቃቸው አለ?» አልኩ።

«እናንተ ድሮም እንዲህ ናችሁ!» አለችኝ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ባዶ ወንበር ነው። ስንት ዘመን አንቺ ስትለኝ የኖረች፣ በአንድ ማንኪያ የበላን ልጅ፣ በአንዴ አብዝታኝ ቁጭ አለች። ለአክብሮት ነው እንዳልል፣ ለእሱ እርስዎ አለ።

«እኛ እነማን ነን?»

«ታውቂዋለሽ።»

አላውቅም። ተወልጄ ያደግሁት ላፍቶ ነው። የአባቴን የትውልድ አገር ያየሁት እሷ በምትከፍተው ቪዲዮ ነው።

ሦስተኛዋ ጓደኛችን አስታራቂ ናት። ለእሷም ራሷን ትነቀንቃለች፣ ለእኔም። «ተዉ በናታችሁ፣ ጁሱ ሞቀ!» አለች። አገር ሲቃጠል ለጁስ የሚራራ ልብ ይገርመኛል።

ሙሽራዋ ነገሩ መክበዱን ስታይ እጄን ያዘችኝ። «አንቺን እኮ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። አንቺማ ትለያለሽ።»

ስድቡን ለሕዝብ አድላ ለእኔ ምሕረት አወረደች። ምስጋና የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ፈገግ አላልኩም። በእኔ ቤት ይህ ከጩኸት ይቆጠራል።

በሳምንቱ ደወለች። «ሚዜዬ! ቀሚሱን ለካሽው? ትመጫለሽ አይደል?»

«እንመጣለን» አልኳት።

«እነማን?»

«እኛ።»

«ከማን ጋር ነው የምትመጪው?»

«ብቻዬን።»

ሳቀች። «ወይ አንቺ! በዚያች ነገር ተቀየምሽ? አንቺን አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ኧረ ተይኝ! ሠርጌ ላይ ፖለቲካሽን እንዳታመጪብኝ።»

ፖለቲካዬን! የኔ ፖለቲካ ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት፤ እሷም መልስ አላገኘችም።

«ሌላ ሚዜ ፈልጊ» አልኳት። አፌ ውስጥ ሳላገላብጠው ነው የወጣው።

ማታ ይህንኑ ለአስታራቂያችን ጻፍኩላት። ቀይ ልብ ላከችልኝ። ለሙሽራዋም ያንኑ እንደላከች አልጠራጠርም።