አያቴና የወንድሜ ድምፅ

መንግሥት በተለወጠ ዓመት የታላቅ ወንድሜ መርዶ ጎፋ ቤታችን ደረሰ። ሬሳውን ያላየችው እማዬ፣ የሙታንን ድምፅ ያሰማል የተባለ አዋቂ ዘንድ ልትሄድ ነጠላዋን አጣፋች። አያቴ፣ የእሷ አባት፣ አልተቆጧትም። ሰው ሲጨነቅ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ ማውራት ልማዳቸው ነበር።

«ንጉሥ ሳኦልም ሙት አስጠርቶ ነበር» አሏት። «የባሰ ፈርቶ ተመለሰ። ዳዊት ግን ልጁ ሲሞት አላስጠራውም፤ አንድ ቀን ወደ እሱ እሄዳለሁ ብሎ ተጽናና።»

«ድምፁን ብቻ ልስማ ብዬ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«እኔንስ አልናፈቀኝም?» አሉና እንባቸው ወረደ።

እማዬም መሄዱን ተወችው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ባለፈው ወር እሳቸውንም ቀበርናቸው። አሁን እማዬ ስታለቅስ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ እንደ አያቴ እሷን ማጽናናት ግን አልሆነልኝም።