ፕላስቲኩ እንዳይነካ

በችግኝ ጣቢያው ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከኃላፊው እስከ ጫኚዎቹ፣ «አትንኩብኝ» ይላታል። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በተከላ ሰሞን ጭነት መኪኖቹ በሩ ላይ ሲደረደሩ፣ መደቦቹ መሀል ቆማ «ፕላስቲኩን አትንኩብኝ» እያለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስትጮኽ ያልሰማት የለም። አንድ ቀልደኛ ጫኝ፣ «እትዬ፣ ልጅዎን ሲድሩ እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም» ብሏት ያውቃል። «ልጄ እግር አላት፤ ብትወድቅ ትነሳለች። እነዚህን ማን ያነሳቸዋል?» አለችው።

እውነቷን ነው። ችግኝ የሚያድገው አፈር በተጠቀጠቀበት፣ ስንዝር ከምናምን በሆነ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ መንገድ ላይ ከተቀደደ አፈሩ ይራገፋል፣ ሥሩን ፀሐይ ያገኘዋል፣ የአንድ ዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ስለዚህ ፕላስቲኩ የሚወልቀው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። በጥንቱ ጊዜ እሷና አሥራ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ራሳቸው አፍልተው፣ ራሳቸው ተሸክመው፣ ራሳቸው ይተክሉ ነበር። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ምላጭ ነበረው። ስለ ምላጩ ግን አውርተው አያውቁም። ሕፃን ገላውን ሲታጠብ ልብሱ ይውለቅ ብሎ የሚያሳስብ ሰው አለ?

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዕቅድ መጣ። ዝናቡ ፀባዩን ቀይሮ ነበር። በሦስት ወር ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው ውሃ በሁለት ሳምንት ይዘረገፍ ጀመር፤ ከከተማው ጫፍ ያለው ኮረብታም በየክረምቱ ጭቃና ድንጋይ ይልክ ጀመር። የተማሩ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ ስብሰባ ተቀመጡ። በመጨረሻም የጣቢያው ቢሮ ግድግዳ ላይ «ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የመላመድ ዕቅድ» የሚል ትልቅ ባለቀለም ወረቀት ተለጠፈ። ኮረብታው በዛፍ ይሸፈናል፣ ዛፉ አፈሩን ይይዛል፣ የተበከለውንም አየር ይመጥጣል። ክፋት የለውም። አትንኩብኝ ሦስት ጊዜ አንብባ ወደደችው። ችግሩ ቁጥሩ ነበር። በዓመት አርባ ሺህ የነበረው ችግኝ አራት መቶ ሺህ ሆነ። የሚተክሉትም ከየመሥሪያ ቤቱ በአውቶቡስ የሚመጡ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ጫማቸውን የሚያቆሽሹ ሰዎች ሆኑ።

በመጀመሪያው የጭነት ቀን አዲሶቹ ጫኚዎች የከረጢቱን ሲሶ ቦጫጭቀው ጨረሱት። አትንኩብኝ በንዴት ጦፋ የያኔው ኃላፊ ቢሮ ገባች። «ይሄ ነገር በጩኸት አልሆነም። በወረቀት ይሁን» አለችው። ኃላፊው ወረቀት የሚወድ ሰው ነበርና እዚያው አስጻፈ፤ «ችግኞቹ ያሉበት ፕላስቲክ በማናቸውም ሁኔታ እንዳይነካ በጥብቅ እናሳስባለን።» ከሥሩ «የችግኝ ባለሙያ» ተብሎ እሷ ፈረመች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት፣ ፊርማዋ ላይ ክብ ማኅተም ሲያርፍ ስታይ ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳ አልበላ አላት። አንዱን ኮፒ ቤቷ ወስዳ ከመስታወቱ ጎን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ያንን ደብዳቤ ያልያዘ መኪና ከጣቢያው ወጥቶ አያውቅም።

ውጤቱም አማረ። ተከላው ባለቀ በሦስተኛው ወር ቆጣሪዎች ይወጣሉ፤ ከመቶው ዘጠና አንዱ ጸድቋል፣ ሌላ ዓመት ደግሞ ዘጠና ሁለቱ ጸድቋል ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ በመኪና እስከ ኮረብታው መታጠፊያ ይወሰድና በመንገዱ ዳር ያሉትን ረጃጅም ዛፎች ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ትልቁ ተዳፋት ከግንባሩ ቋጥኝ ጀርባ ስለሆነ ከመንገዱም ከኮረብታው ሥርም አይታይም። አትንኩብኝ ራሷ ከቋጥኙ ወዲያ ወጥታ አታውቅም። የተከላ ቀን ጭነት ላይ ናት፤ በማግስቱ ለቀጣዩ ዓመት አፈር ትነፋለች፤ በዚያ ላይ ጉልበቷ ዳገት ገና ከሩቅ ሲያይ ያማታል። ሰው ስለ ኑሮዋ ሲጠይቃት ግን «ጫካ አለኝ» ትል ነበር፤ ሌላው ቤት አለኝ እንደሚለው።

አንድ ልጇ ከነባሏ የቤት መሥሪያ ቦታ ስትፈልግ ከኮረብታው ሥር ያለው መሬት ባዶውን ነበር። የድሮውን ጭቃ ያስታወሰ ሁሉ ይሸሸዋል። ልጅቷም ፈራች። «ምን ያስፈራሻል? ከበላይሽ ያለሁት እኔ ነኝ እኮ» አለቻት እናቷ። ልጅቷ አምናት ሠራች፤ እዚያው ሁለት ልጅ ወለደች። ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ ከአጠገቧ ሠራ፣ አንዲት ነርስ ቀጠለች፣ እያለ እያለ ሠላሳ አንድ ቤት ሆነ። እነዚያ ዓመታት ዝናቡ ሳስቶ ጭቃ ስላልወረደ ሰው ሁሉ ጫካው ያዘው አለ።

ዘንድሮ ዝናቡ ክረምቱ እንኳ ሳይገባ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዘንቦ ቆመ። አመሻሹ ላይ ልጅቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ጭቃ መኝታ ቤት ገባ።»

«የምን ጭቃ?»

«የኮረብታው ነዋ። ድንጋይም አለበት። የልጆቹን አልጋ ገፍቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።»

«አይሆንም። ያ ሁሉ ዛፍ እያለ ድንጋይ በየት አድርጎ ያልፋል? ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል።»

«ቧንቧ ድንጋይ ያወጣል እንዴ፣ እማዬ?»

አትንኩብኝ ተናደደች። ልጇ የሰደበችባት ጫካዋን ነው የመሰላት። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ በዓይኔ አይቼ አፏን አስይዛታለሁ ብላ ዳገቱን ተያያዘችው።

የመንገዱን ዳር ዛፎች ስታገኝ ደስ አላት። አወቀቻቸው። በምላጩ ዘመን በገዛ እጇ የተከለቻቸው ናቸው፤ ግንዳቸው በሁለት ክንድ አይታቀፍም። «ጎበዞች» አለቻቸው፤ የአንዱን ቅርፊት መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እያነከሰች ቋጥኙን ዞረች።

ክው ብላ ቀረች።

ዛፍ የለም። ተዳፋቱ ከአናቱ እስከ ግርጌው ቀይ አፈር ነው፤ በቀይ አፈሩ ላይ በሥርዓት፣ መስመር ይዘው የተቆፈሩ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ጭራሮ ቆሟል። የትናንቱ ዝናብ መሀሉን ሰንጥቆ ሰው የሚውጥ ቦይ አውጥቶበታል። ቦዩ ቋጥኙን ዞሮ የሚወርደው ቀጥ ብሎ ወደ ልጇ ጣሪያ ነው። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ መንገድ ተሳስቻለሁ የሚል ነበር። ዞር ዞር ብላ ሌላ ኮረብታ ፈለገች። እዚያ አካባቢ ሌላ ኮረብታ እንደሌለ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ከአንዲት የቆርቆሮ መጠለያ የኮረብታው ጥበቃ ወጡ፤ በዕድሜ የሚበልጧት፣ ሰው የናፈቃቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጫካው የታለ?» አለቻቸው፤ ሰላምታም ረሳች።

«የትኛው ጫካ?»

«የተተከለው። የአሥራ አንድ ዓመቱ።»

«እሱማ በየዓመቱ ይተከላል» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ክረምቱን ለምለም ይላል። ቆጣሪዎቹም ያኔ መጥተው ቆጥረው ይሄዳሉ። ከዚያ አንዳንዱ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት ይታገላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ሰው የለም። እኔው ብቻዬን ነኝ።»

አጠገቧ ያለውን ጭራሮ ይዛ ጎተተችው። ሳይታገላት ወጣ። ከረጢቱም አብሮት መጣ፤ ጥቁር፣ ያልተቀደደ፣ ከመደቧ የወጣ ቀን እንደነበረው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ሲዞር፣ ሲዞር፣ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሏል። ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን ነቀለች። እስከ አሥረኛው ነቀለች፤ ሁሉም ያው ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ሦስት ከረጢት ወጣ፣ አንዱ ከአንዱ በታች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ይሄ የአምናው ነው፣ ያ የካቻምናው፣ የታችኛው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለ ተብሎ እዚያው ላይ ነዋ የሚተከለው።»

«ፕላስቲኩን ለምን አትቀዱትም?» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሽማግሌው ደነገጡ። «ኧረ እትዬ፣ እንዴት ተደርጎ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ መሐንዲስ ሊቀድ ብሎ ምላጭ ሲያወጣ እኔ ነኝ እጁን የያዝኩት። ደብዳቤ አለን እኮ።» ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ መታጠፊያው ያለቀ ወረቀት አውጥተው ዘረጉላት። «በማናቸውም ሁኔታ ነው የሚለው። የፈረመችው ሴትዮ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለችም አሉ። አትንኩብኝ ነው የሚሏት። ፕላስቲክ የነካ ሰው ካገኘች አትምርም ይባላል።»

ማኅተሙን አየች፣ ፊርማዋን አየች። ከመስታወቷ ጎን በየጠዋቱ ፀጉሯን እያበጠረች የምታየው ፊርማ ነው። ስትወጣ ስንት ነገር ጠርጥራ ነበር፤ ፍየል በልቶት ይሆናል፣ ሌባ ቆርጦት ይሆናል፣ ድርቅ መትቶት ይሆናል ብላ። የራሷን አፍ አልጠረጠረችም። ሃያ ስድስት ዓመት የጮኸችው ግማሹን ነበር፤ ሌላውን ግማሽ የማያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «በሉ እንግዲህ ይዩት» አሉ በኩራት። «አንድ እንኳ አላስነካሁም።»

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነበር። ጉድጓዶቹ መሀል ተቀመጠች። ልትቆጣቸው አልቻለችም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሏን ሳያዛንፍ የጠበቀ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ስልኳን አውጥታ ለጣቢያው ኃላፊ፣ አምና ለተሾመው ወጣት፣ ደወለች።

«የዘንድሮውን ጭነት ያስቁሙልኝ። ደብዳቤው ጎዶሎ ነው። ጉድጓዱ ጋ ሲደረስ ፕላስቲኩ መቀደድ አለበት።»

«መቀደድ? እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት?» ሳቀ። ስታለቅስ ሲሰማ ሳቁን ተወ። «እሺ፣ እትዬ፣ ይረጋጉ። ግን ደብዳቤ የሚሻረው በደብዳቤ ነው፤ ለበላይ መጻፍ አለብኝ። የዘንድሮው ጽድቀት ደግሞ ዘጠና ሦስት ተብሎ ሪፖርቱ ሄዷል።»

«ገና አልተተከለም እኮ።»

«ዕቅድ ነዋ፣ እትዬ» አላት።

ስትወርድ ጉልበቷ አላመማትም፣ ወይም አሟት አልሰማችውም። አንዱን ችግኝ ከነከረጢቱ ይዛዋለች። ልጇ በሩ ላይ ጭቃ በአካፋ ትዝቅ ነበር።

«እሺ፣ ጫካሽ ምን አለሽ?» ብላ ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየች። አካፋውን ለቀቀችው።

«ልጆቹን ይዘሽ ወደ እኔ ቤት ሂጂ። አሁኑኑ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ከበላይሽ ማንም የለም» አለች አትንኩብኝ።

ልጅቷ ጭራሮውን አየች፣ ከረጢቱን አየች። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም። ለአትንኩብኝ መወቀሱ ይሻላት ነበር። ገብታ ባሏን ጠራችው፤ ትንሽ ቆይቶ ፍራሽ እየጎተተ ወጣ። ልጅቷ ታናሹን አዝላ፣ ታላቁን በእጇ ይዛ ከበሩ ላይ ዞር አለች።

«ጎረቤቶቼስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከኮረብታው ጀርባ ደመና መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ልብስ ሰፊው በሩን ሲከፍት ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መቀሱ እጁ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ጫካችን ደህና ነው?» አላት። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚላት፤ እሷም ሁልጊዜ ደህና ነው ትለዋለች።

ዛሬ ግን ሁሉንም ነገረችው። ደብዳቤውን፣ ፊርማዋን፣ ሦስቱን ከረጢት፣ ቦዩን። ልጆቹን አሁን እንዲያወጣ፣ ዕቃው ለኋላ ይቆይ አለችው። ሰውየው በትከሻዋ በላይ ከልጇ ቤት የሚወጣውን ፍራሽ እያየ ሰማት።

«ሚስቴ እዚህ አልገባም ብላ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያስገባኋት። የችግኟ ሴትዮ የገዛ ልጇን አስቀምጣበት የለም ወይ ብዬ። ይሄ ሰፈር ሁሉ እንደዚያ እየተባባለ ነው የሠራው።»

ይህን አታውቅም ነበር። ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ በሮቹን አየች፤ አንዱ በር ላይ የታጠበ ልብስ ተዘርግቷል፣ አንዱ በር ላይ ትንሽ ብስክሌት ቆሟል።

ልብስ ሰፊው ችግኙን ከእጇ ተቀበላት። መቀሱን ከከረጢቱ አፍ አስገብቶ ጨርቅ እንደሚቀድ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሄደበት። ፕላስቲኩ እግሩ ሥር ወደቀ። ልቃቂቱ ሥር ግን እንደተጠቀለለ ቀረ።

«ይሄን ያህል ነበር ሥራው?» አላት።

«ይሄን ያህል ነበር» አለችውና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።