ጋሽ ጣሰው መኪናውን የሸጠበት መንገድ

በደላላነት ዕድሜዬ ያልሸጥኩት ነገር የለም። ቤት ሸጫለሁ፣ ወፍጮ ሸጫለሁ፣ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የሌለው ሆቴል ሳይቀር ሸጫለሁ። እንደ ጋሽ ጣሰው መኪና ግን ያንገበገበኝ ዕቃ የለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስሜን ጠርታችሁ «ደላላው ያለው» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ ይነግሯችኋል። ለዚያች ነጭ የቤት መኪና ግን ሁለት ወር ሙሉ ተመላልሻለሁ። ዛሬም ሰውዬው በፊቴ ሲያልፍ፣ እሱ ባያየኝም፣ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ።

ጋሽ ጣሰው የአንኮበር ሰው ነው። በልጅነቱ ከአሊዩ አምባ እህል የሚያወጣ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ጎማ ሥር ድንጋይ እየደገፈ፣ አፈር ላይ እየተኛ መንዳት ተማረ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ግድም ያንን ቁልቁለት ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። በስተመጨረሻ ባጠራቀመው ያቺን መኪና ገዝቶ እዚሁ ደብረ ብርሃን ለኪራይ አዋላት። ሙሽራ ይዛለች፣ ክትባት ይዛለች፣ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ወንድ ልጅ ተወልዶባታል። ደህና ደንበኛ ሲመጣ ያለ ሹፌርም ያከራያት ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አሉት። መሐል ለመሐል ያለውን ያያል፤ ዳርና ዳሩ ግን ጠፍቶበታል። ኪራዩን ተወ። መንዳቱን ግን አልተወም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስቱ እትዬ በሰለች ነጠላዋን በቅጡ ሳታጣፋ ቢሮዬ መጣች። ቢሮዬ ማለት መነኻሪያው ፊት ለፊት ያለች አግዳሚ ወንበር ናት።

«ያለው፣ ይቺን መኪና ሽጥልኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«እሷማ ምን ትሆናለች፣ እሱ እንጂ! ትናንት ቅዳሴ ስሄድ ጠብቆ አውጥቶ እስከ ጠባሴ ነድቷል። የቀኝ ስፖኪዮዋን ጥሎ መጣ። ከምን ጋር እንደተጋጨ እንኳ አያውቅም፤ አላየማ! ሰው ሳይገድል፣ እሱም ሳይሞትብኝ ሽጥልኝ።»

ይህን ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሴት ስታለቅስ አልችልም። «ኮሚሽንም አልፈልግ» ብዬ አረፍኩት። በማግስቱ ቆጭቶኛል፤ ከአፌ የወጣ ነገር ሆኖ እንጂ።

ጋሽ ጣሰውም በንስሐ አባቱ ፊት «ይሸጥ» ብሎ ቃል ገባ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ኪራይ ላይ የነበረ መኪና ሲሸጥ የራሱ ሙያ አለው። ገዢ «ኪራይ» የሚለውን ቃል ከሰማ ይሸሻል፤ የስንቱ እግር እንደረገጠው አይታወቅማ። ስለዚህ ኮድ ሦስት ታርጋው ወደ ኮድ ሁለት ይዞራል፣ ወንበሩ ይታጠባል። ከሁሉ በፊት ግን የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ ይቀየራል። ብልጥ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኔም ስፖኪዮውን አስገጥሜ፣ ይህንን ሁሉ አሟልቼ ገዢ መጥራት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ኃይለኢየሱስ የሚባል የሰላ ድንጋይ መምህር ነበር። መኪናዋን ዞራት፣ በሩን ከፈተ፣ አጎንብሶ መርገጫውን አየ። «ብዙም አልተነዳችም መሰለኝ» ሲል ጋሽ ጣሰው ከኪሱ ሁለት የተበሉ ላስቲኮች አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«የሷ እነዚህ ናቸው። አዲሱን ያስገባው ደላላው ያለው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኪራይ ሠርታለች ልጄ። ከኔ ጋር የሄደችበትን አውቃለሁ፤ ያለኔ የሄደችበትን እግዜር ይወቅ።»

መምህሩ ላስቲኮቹን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለተኛዋ ወለተ ሥላሴ የምትባል እህል ነጋዴ ነበረች። ለእሷ ደግሞ ጋሽ ጣሰው ፍሬኑ ሲሞቅ እንደሚሰምጥ ነገራት። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ጣሰው፣ መሸጥ ካልፈለግክ አልፈልግም በል! እትዬ በሰለችን ለምን ታቃጥላታለህ? ፍሬኑንስ ለምን አታሠራውም?»

«ሦስት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። ጠባይዋ ነው። በማርሽ ያወረዳት ሰው ምንም አይሆን፤ ፍሬን ያመነ ግን ገደል ይገባል። ታዲያ ሳልነግረው ልሽጥለት? ደሙ በማን ላይ ነው የሚሆነው?»

የተናገረው እውነት ነበር። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ገዢው ሁሉ እየተባረረ መኪናዋ ከደጁ እንድትቀር የፈለገ መሰለኝ። በዚህም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ማኅደረማርያም መጣች። የጎረቤላ ቄስ ልጅ ናት፤ መንጃ ፈቃድ አውጥታ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ነድታለች። አሁን አገሯ ተመልሳ በራሷ መኪና በኪራይ መሥራት ትፈልጋለች። ጋሽ ጣሰው የለመደውን ሁሉ ዘረገፈላት፤ ላስቲኩን፣ ፍሬኑን፣ የተወለደውን ልጅ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ሌላ ሥራ እያሰብኩ ነበር። ልጅቷ ግን እስኪጨርስ አዳምጣ ጠየቀች።

«ታዲያ ከጎረቤላ ወደ አሊዩ አምባ ስትወርድ፣ ሁለተኛ ማርሽ የሚገባላት የቱ ጋ ነው?»

ጋሽ ጣሰው ላስቲኮቹን መልሶ ኪሱ ከተተ። በሁለት ወር ውስጥ ይህንን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ነይ ላሳይሽ» አላት።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እሷ መሪ ያዘች፣ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። እትዬ በሰለች «እኔ በሌለሁበትማ አይሆንም» ብላ ከኋላ ከኔ ጋር ገባች። ጎረቤላን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋሽ ጣሰው ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል። ሁለተኛ አስገቢ። ፍሬኑን አትንኪ፣ ሞተሩ ይያዛት። ከዚህ በታች ውኃ የበላው ቦታ አለ፤ ወደ ቀኝ ጠጋ በይ።»

አንድም አልሳተም። እያንዳንዱ መታጠፊያ እሱ እንዳለው መጣ። ድምፁ የወጣት ድምፅ ሆነ። እትዬ በሰለች ጨብጣ የያዘችውን የወንበር ጨርቅ ቀስ ብላ ለቀቀችው። እኔም በልቤ «ይህ ሰው ዓይን ምን ያደርግለታል!» አልኩ።

«አሁን ልቀቂያት። ቀጥ ያለ ነው፣ ባዶ ነው።»

ማኅደረማርያም አልለቀቀቻትም። ወደ አንደኛ መልሳ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ አቆመቻት።

«ምነው? ቀጥ ያለ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ልጆች እየተሻገሩ ነው ጋሼ።»

ዓይኑን ገለጠ። «የታሉ?»

«በቀኝዎ በኩል ናቸው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ናቸው።»

አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ አዞረ፤ በቀረችለት እይታ ፈለጋቸው። በመስኮቱ ሥር ነበር የሚያልፉት። ከሁሉ የምታንሰው ልጅ ደብተሯን ራሷ ላይ አድርጋ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ላይ እጇን እያስኬደች ተሻገረች።

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው ጋሼ።»

ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ «አለፉ?» አለ።

«አዎ፣ አለፉ።»

ጋሽ ጣሰው ጎንበስ ብሎ የግራ ካልሲውን ዝቅ አደረገና ከውስጡ የመኪናዋን ሁለተኛ ቁልፍ አወጣ። ለማኅደረማርያም ሰጣት።

«ይኼም ያንቺ ነው።»

«ጣሰው!» አለች እትዬ በሰለች። «እኔ ቁልፉን ሁለት ወር ሙሉ ጉያዬ ውስጥ ይዤ ነው የምተኛው!»

«አውቃለሁ» አለ፤ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። «የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ስትሄጂ ላወጣት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ። በዚሁ መንገድ። ቀጥ ያለ ነው፣ ባዶ ነው ብዬ...»

እትዬ በሰለች ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከኋላ ሆና እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች፤ እሱም በሁለት እጁ ያዘው። እኔ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየሁ ዓይኔን ጠረግኩ። ደላላ ነኝ፣ ግን ድንጋይ አይደለሁም።

«በይ ልጄ፣ ንጂ» አለ በመጨረሻ። «የሚመጣውን አንቺ እይ። መንገዱን እኔ እነግርሻለሁ።»

ማኅደረማርያም ሁለቱንም ጎን አየች፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች።