ላቡ የደረቀ ፈረስ

ዳማው ፈረሳችን ላቡ የደረቀ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ፈረሱ የታላቅ ወንድሜ ነው። ከጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎችን በፈረስ እናንሸራሽራለን። እሱ ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ እኔ ልጓም ይዤ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ግጥም ይመጣልኛል፤ ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ። ወንድሜ፣ “ሠራተኛው ፈረሱ ነው፤ አንተ ሸኚ ነህ” እያለ ያሾፍብኛል።

ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ቀርቶ የዳገቱ አፈር ዱቄት ሆኗል። እሑድ ስለነበር ከቸርች እንደወጣን በቀጥታ ወደ ላይ ወጣን፤ ደንበኛው ከእኛ ቀድሞ ይጠብቅ ነበር። ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ለብሷል። ከኮርቻው ሥር እስከ ጭኑ የሚደርስ ቀይ የሱፍ ግላስ፣ አንገቱና ግንባሩ ላይ ደግሞ ዘርፍ። ያለ ግላስ ፎቶ የሚነሳ የለም፤ ስለዚህ ፀሐዩ ምንም ቢበረታ አናወልቅለትም። ውሃም አንሰጠውም። ላብ ያለው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ሆዱን ቆርጦ ይጥለዋል ይባላል፤ በዚያ መንገድ ያሉ ፈረስ አከራዮች ሁሉ ያምኑበታል። ባልዲ የሚቀርብለት ሥራ አልቆ አየሩ በረድ ሲል ነው።

እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የማምንበት ምክንያት ነበረኝ። ዓምና እንዲህ ባለ ቀን ባዝራችን ስታለከልክ አሳዘነችኝና ተደብቄ ባልዲ አቀረብኩላት። ወንድሜ ደርሶ ነጠቀኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተች። ውሃው እንደገደላት ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ፤ እኔም አመንኩት። ዓመቱን ሙሉ ከጻፍኳቸው ግጥሞች ግማሾቹ እሷን ይቅርታ የምጠይቅባቸው ናቸው። ከእሷ በኋላ የቀረን ዳማው ብቻ ነበር። እሱ ከወደቀ ቤታችን ወደቀ ማለት ነው።

ስድስተኛው ዙር ላይ አንገቱን አየሁት። ጠዋት አረፋ እስኪደፍቅ አልቦት የነበረው ቆዳ ደርቆ ጨው ሠርቷል። በረደለት ብዬ ደስ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ስለ ነጩ ጨው ስንኝ ጀመርኩ። ስንኙን ሳልጨርስ ፈረሱ ድንጋይ ረግጦ ተደናቀፈ፤ ትንሽ ሄዶ ድንጋይ በሌለበትም ተደናቀፈ። የተቀመጠችበትን ሴት አውርጄ እንደምንም ወደ መነሻችን አደረስኩት። የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ።

ዙሪያችንን የቆመው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ወሎዬ እናት ሻሻቸውን በትከሻቸው እንደጣሉ መጡ። አባታቸው በበቅሎ ጭነት ያመላልሱ እንደነበር አንዴ አጫውተውኛል። በሁለቱም እጃቸው ጀሪካን አንጠልጥለዋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ያ የሳምንት ውሃቸው ነው። ወንድሜ ፊታቸው ቆመ።

“እማማ ይተዉት። በላቡ ላይ ውሃ ይገድለዋል።”

“የቱን ላብ ነው የምትለኝ? እስቲ እጅህን አሳርፍበት።”

ወንድሜ የፈረሱን አንገት ዳሰሰና ወዲያው እጁን አነሳ። እኔም ነካሁት። ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ነበር።

“ላቡ ያለቀበት ፈረስ እየነደደ ነው” አሉ። “አንተ አከራይ ነህ ወይስ ቀባሪ? ይህን ብርድ ልብስ አንሳለት።”

የኮርቻውን ማሰሪያ ቆርጬ ግላሱን ከሥሩ ጎትቼ አወጣሁ። እሳቸው ውሃውን አንገቱ፣ ደረቱና ጭኖቹ መሃል ላይ አፈሰሱ። ውሃው ቆዳው ላይ ሲሞቅ በእጃችን እንድንጠርገውና ሌላ እንድንደግም አዘዙን። ጀሪካኖቹ አለቁ። ያኔ ሲቀርጽ ከነበረው ሰው አንዱ ስልኩን ኪሱ ከቶ የሚጠጣውን የላስቲክ ውሃ አቀበለኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስንት እንዳፈሰስን አላውቅም። ብቻ አንድ ጊዜ ጆሮው ተንቀሳቀሰ፣ ቆይቶም ራሱን ቀና አደረገ።

እማማ የተረፈውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ቁንጣሪ ጨው በተኑበትና አፉ ሥር አኖሩለት። የወንድሜ እጅ ወደ ባልዲው ተወረወረ። ዓምናም እንዲሁ ነበር የተወረወረው። አሁን ግን እጁ መሃል ላይ ቆመ።

ፈረሱ ጠጣ። የጉሮሮውን ድምፅ እየሰማን ሁለታችንም መሞቱን ጠበቅን። አልሞተም። ባልዲውን ጨርሶ ጥቂት ካረፈ በኋላ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ተነሣ፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ቆመ።

ወንድሜ አላየውም። የሚያየው ባልዲውን ነበር።

“ያቺ ባዝራ” አለኝ፣ “ስንት ጠጥታ ነበር?”

“ሁለት ጉንጭ። ከዚያ ነጠቅከኝ።”

ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። በዚያ መንገድ ስንት ፈረስ እንደወደቀ፣ ለእያንዳንዱም ማን ውሃ አጠጣው ተብሎ ሰው እንደተወቀሰ ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሣና የእማማን ባዶ ጀሪካኖች ይዞ ውሃ ሊቀዳላቸው ቁልቁል ወደ ቦኖው ሄደ። እኔ ባዶውን ባልዲ፣ የሚነጥቀኝ ያለ ይመስል፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ።