አርባኛው ቅጂ

ሥራዬ ጨርቅ ላይ እንከን መፈለግ ነው። ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ጨርቁ ሲያልፍ ዓይኔን እተክላለሁ። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ካየሁ በጠመኔ አከብበዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይኸው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሲቆይ ፈሪ ይሆናል መሰለኝ፤ ወይም እኔ ቀድሞውንም ፈሪ ነበርኩና ሥራው ተስማማኝ። ጨርቁ ደህና ሆኖ ሲያልፍ እንኳ «የሆነ ነገር አምልጦኛል» እያልኩ ነው ወደ ቤት የምገባው።

እንዲህ ያለች ሴት መጽሔት ታዘጋጃለች ብሎ ማን ይገምታል? መጽሔት ማለቴም ማጋነን ነው። ሁለት ወረቀት ከመሐሉ ታጥፎ በሁለት ሽቦ የተመታ፣ ስምንት ገጽ ያላት ነገር ናት። ስሟን «ፈረቃ» አልናት። አብራኝ የምታዘጋጃት ሽመና ክፍል የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ናት። በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፣ ሥዕል ትችላለች፣ ፍርሃት የሚባለውን ነገር ግን ሲያድሉ አልነበረችም። እኔ እጽፋለሁ፣ ከሠራተኛውም ጽሑፍ እለምናለሁ፤ እሷ በእስክሪብቶ ትሥላለች። ወር በገባ ቁጥር ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን አርባ ቅጂ እናባዛለን። ከዚያ ፈረቃ ሲለወጥ፣ ገቢና ወጪው በር ላይ ሲጋፋ፣ ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለች። ያነበበች ላላነበበች ትሰጣለች።

ሁለት ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንደኛ፣ ገጿን በስልክ ፎቶ ማንሳት የለም። ሁለተኛ፣ ወደ ደሴ ይዞ መውጣት የለም። በሁለተኛው ሁሉም ሳቁብኝ። «ደሴ ምን አለ?» ሲሉኝ «ዝም ብሎ» አልኳቸው። ደሴ ያለችው እናቴ ናት።

የሐርቧ ልጅ ግን በአንደኛው ሕግ አልተስማማችም። «ወረቀቷን ስንት ሰው ያነባታል? መቶ? ቴሌግራም ላይ ብናወጣት እኮ፣ ወላሂ፣ ሳውዲ ያሉት የአገሬ ልጆች ሳይቀሩ ያነቧታል» ትለኛለች።

«ወረቀት ሲቆጭሽ ትሰበስቢዋለሽ» እላታለሁ። «ስልክ ላይ የወጣ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ቁጭት የሚያስፈራሽ ከሆነ ታዲያ ለምን ትጽፊያለሽ?»

ጥያቄዋን ትቼ ጽሑፍ ልለምን ወደ ማሸጊያ ክፍል እሄዳለሁ።

እናቴን ሰፈሩ የሚያውቃት በመጽሐፏ ነው። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን በቆዳ ማኅደሩ አንግታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሴቶቹ በሚቆሙበት በኩል ግንቡን ተደግፋ ትገልጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ገጹን ታዞራለች። አጠገቧ የሚቆሙት የማኅበሯ ሴቶች «እትዬ፣ እስቲ የዛሬውን ጮክ ብለው ያድርሱልን» ይሏታል። ታደርስላቸዋለች። ድምጿ ያምራል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ያንን መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥቼ ሳገላብጥ ቆየሁና ስመልሰው ተሳሳትኩ። በውዳሴ ማርያሙ ፈንታ የአባቴን መልክአ ሚካኤል ከተትኩበት፤ ሁለቱም መጠናቸው እኩል፣ ሽፋናቸው ጥቁር ነው። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ይዤ አጠገቧ እንደቆምኩ መጽሐፉን ገለጠች። ማንበብ ገና መልመዴ ስለነበር ያገኘሁትን ፊደል ሁሉ ነበር የማነበው። መጽሐፉ ሚካኤል ይላል። እናቴ ግን የማርያምን ውዳሴ አንድ ቃል ሳታዛንፍ ታደርሳለች፣ ገጹንም በሰዓቱ ታዞራለች። በሕይወቴ የመጀመሪያውን እንከን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቤት ስንገባ መጽሐፎቹን በየቦታቸው መለስኳቸው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የቀረውን አባቴ ከመሞቱ በፊት አጫወተኝ። እናቴ በልጅነቷ ከደሴ ወጣ ብሎ ገራዶ አጠገብ ባለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ እየሰማች ነው በቃሏ የያዘችው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ «ማንበብ የሚችል እጁን ያውጣ» ሲባል ሰው ፊት አፍራ እጇን አወጣች። በሚችሉት ሰዎች መዝገብ ላይ ጻፏት፤ ጭራሽ ሌሎቹን እንድታግዝ መደቧት። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበራትም። የሚነበብ ነገር ሲመጣ «መነጽሬን የት እንዳደረግኩት እንጃ» ትላለች፤ አባቴ ወይም እኔ እናነብላታለን።

ባለፈው ግንቦት ይህን ጻፍኩት። ለምን? ስለምወዳት ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኝም። ስሟንም ሰፈሯንም አላነሳሁም። መሐለኛው ወረቀት ላይ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ገጾች ላይ ወጣ። የሐርቧ ልጅ በአንድ ወቅት ደሴ አብራኝ ወጥታ እናቴን አይታት ነበርና ሁለት እጅ፣ የተገለጠ መጽሐፍና አንድ ማኅደር ሣለች። የማኅደሩ ማንገቻ ተበጥሶ እናቴ እኔ ባመጣሁላት የፋብሪካ ክር አጠላልፋ የሰፋችበት ቦታ ሳይቀር ሥዕሉ ላይ አለ። ሳየው ጣቴን ስፌቱ ላይ አሳረፍኩ። «አርባ ቅጂ ነው፣ ከኮምቦልቻ አይወጣም» ብዬ አሳለፍኩት። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በጠመኔ አከብበው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «አብሽሪ፣ እንዳትቆጪኝ እንጂ ጉድ ላሳይሽ።» ገጾቹን ፎቶ አንስታ ቻናል ከፍታ ለቃዋለች። ከሥሩ ስንት ሰው እንዳየው የምትነግረው ያቺ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፣ አጠገቧ ቁጥር። እያየሁት ቁጥሩ ተለወጠ። እንደገና ተለወጠ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ።

«አጥፊው» አልኳት።

ፊቴን አይታ ደነገጠች፤ ወዲያው አጠፋችው። «ይኸው፣ ጠፋ።»

ጠፋ ማለት ከእሷ ስልክ ጠፋ ማለት ነው። ማሸጊያ ክፍል ያሉት ቀድመው ለዘመድ አዝማድ አስተላልፈውታል። በማግስቱ ከዓረብ አገር አንዲት የማላውቃት ሴት በልጅቷ በኩል «የኔም እናት እንዲሁ ነበረች፣ አልቅሼ ሞትኩ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታውን አልችለውም ነበር። ያን ቀን ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጂዳ የደረሰ ነገር ደሴ ለመድረስ ምን ያግደዋል?

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት ስልኳ ላይ ባቀረቀረች ቁጥር አንገቴን እያሰገግኩ አየሁ። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት እኔም አብሬው አቃሰትኩ። የእናቴ ስልክ ቁልፍ ያለው ትንሹ ዓይነት ነው፤ ቴሌግራም አያውቅም። ይህን እንደ ጸሎት ደጋገምኩት።

የሰፈራችን መግቢያ ላይ የጎረቤታችን ልጅ አገኘችኝ። ማኅበሩ ውስጥ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የምትቆመውም ከእናቴ ቀጥላ ነው። ሰላም ብላኝ አቀረቀረች።

«አንብቤዋለሁ» አለችኝ።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከማኅበሩ ግሩፕ። ማን እንደላከው እንጃ። ማኅደሩን አይተው ሁሉም አውቀዋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማንም ምንም አላለም፣ በማርያም። ለእሳቸውም የሚነግር የለም።»

ሁሉም ያውቃል፣ እናቴ ብቻ አታውቅም። ከዚህ የከፋ ዝምታ አልገጠመኝም። ቤት ስገባ እናቴ የእንጨት ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሳህን ላይ ቆሎ አለ፤ ጭኗ ላይ ደግሞ ቆሎው የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግታ በመዳፏ ታለሰልሳለች። ፊደል ያለበት ወረቀት አትጥልም፣ እግር እንዲረግጠውም አትፈቅድም፤ መንገድ ላይ ካየች እንኳ አንስታ ግንብ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀረብ ስል መሐሉ ላይ ሁለት የሽቦ ቀዳዳ አየሁ። የእኛ መሐለኛ ገጽ ነው። ከሰኞ ገበያ ቆሎ ሻጯ ናት የጠቀለለችላት። ማን ወደ ደሴ እንዳወጣው እስካሁን አላወቅሁም። ስልኩን ስጠብቅ ወረቀቱ ቀደመኝ።

«ነይ እስቲ፣ ይቺን አንብቢልኝ» አለች። የመነጽሩን ሰበብ አላነሳችም። ይበልጥ የፈራሁት ለዚህ ነው።

ተቀብያት አነበብኩ። አነበብኩ ስል ፈጠርኩ። «የፋብሪካ ሠራተኞች የጥጥ ብናኝ እንዳይጎዳቸው አፍና አፍንጫቸውን መሸፈን አለባቸው» አልኩ። እጅ ስለ መታጠብም ጨመርኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝ ሲል አቆምኩ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር አንስታ እስከ መጨረሻው ድረስ ቀስ ብላ አወረደችው። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ገጽ ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ገጽ ስንት ትንፋሽ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ያንቺ አነሰ።» ከዚያ ጣቷ ሥዕሉ ላይ አረፈ። «ይቺን ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። አሁን እውነቱን አንብቢልኝ።»

ከራሱ እስከ ግርጌው አነበብኩላት። እሷ አገጯን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ሚካኤል ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ያን ቀን የለወጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«መጽሐፉ እጄ ላይ አልተመቸኝም ነበር። ጠርዙ ሌላ ሆነብኝ። እመቤቴ ውሸቴን አይታ ልትቀስፈኝ ነው ብዬ ሦስት ቀን ሰገድኩ።»

ይህን ያህል ዓመት የፈራሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስጨርስ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስንት ነው የተባዛው?» አለች።

«አርባ።»

«ሌላ የለም?»

የጎረቤታችን ልጅ ፊት መጣብኝ፣ ያቺ የዓይን ምልክትም። «የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ሰብስቢው። አርባው እጄ ሳይገባ መጽሐፌን ይዤ እመቤቴ ፊት አልቆምም።» ተነስታ ማኅደሩን ምስማር ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ እሑድ ባዶ እጇን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነጠላዋን ስትጎትት ከኋላ አየኋት። የማኅበሯ ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። አንዷ፣ እናቴ እንድትሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «እትዬ ዓይናቸውን አሟቸዋል መሰል» አለች። ሌሎቹ «አዎ፣ አዎ» አሉ።

ሰኔን ሙሉ ስሰበስብ ከረምኩ። የሐርቧ ልጅ ጥፋቷ ከብዷት ከእኔ በላይ ሮጠች። አንዱ ቅጂ መደርደሪያ ላይ ተነጥፎ ተገኘ። አንዱን የፈቃድ ዕረፍት የወጣች ልጅ አገሯ ቢስቲማ ወስዳው ነበር፤ ተለምና መለሰች። አንዱን ሽማግሌው ጥበቃ በአራት አጥፈው ቆባቸው ውስጥ ይዘውታል፤ «ተዪልኝ፣ የእናቴን ነገር ያስታውሰኛል» ብለው አስቸገሩኝ፣ በመጨረሻ ግን ሰጡኝ። ያገኘሁትን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ አደርስላታለሁ። ሥዕሉን አይታ ትቀበለኛለች፣ በዚያው ክር ታስረዋለች፣ ትቆጥራለች። «ፈረቃ» አሁን ስልክ ላይ ትወጣለች፣ ልጅቷ ብቻዋን ነው የምታወጣት፤ አንባቢው በዝቷል አሉ። እኔ መጻፍ አቁሜያለሁ።

እናቴ ዘንድ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሷል። አርባኛውን፣ ጓደኞቿ አራስ ቤት ወስደውላት ነበርና፣ ባለፈው ሐሙስ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሠራተኛ ይዛልኝ መጣች። ትልቁ ልጇ ጥጉን ከማኘኩ በቀር ደህና ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ብሰጣት መጽሐፏን ከምስማሩ አውርዳ፣ ማንም የማያውቅ መስሏት፣ ሁሉን በሚያውቁት ሴቶች መሐል ትገልጣለች። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይሰሟታል። አንድ ቀን ከአንዷ ፊት እውነቱን ታነባለች፤ ፊት በማንበብ ማንም አይቀድማትም። ባልሰጣት ደግሞ ባዶ እጇን እንደቆመች ትቀራለች። ስለ ስልኩ ልንገራት ብዬ አፌን የከፈትኩባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ስንት ሰው ጋ እንዳለ ብትጠይቀኝ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሂጂና ሰብስቢው ብትለኝ የምሄድበት የለኝም።

ትናንትም ወጣሁ። ደሴ ጉም ውስጥ ናት፣ ሐምሌ እያለቀ ነው። እናቴ እንደተቀመጥኩ ጠየቀችኝ።

«ስንት ቀረ?»

«አንድ» አልኳት።

ባዶ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «ፍልሰታ ሳይገባ አግኚው፣ ልጄ። ፍልሰታን እንዲህ ሆኜ አልቆምም።»

«እሺ» አልኩ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።