ቀስ ብሎ ይውረድ የተባለው ጠብታ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል አንድ ነው፤ ሐኪም ቀስ ተብሎ ይሰጣት ያለውን የጨው ውሃ ፖሊስ በጥድፊያ አስጨርሶ አንዲትን ሴት እግርና አንደበቷን አሳጣት።

ሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ተናገርሽ ብለው ፖሊሶች ጎፋ ካለው ቤቴ ወስደው ጣቢያ አሰሩኝ። ክፍሉ ጠባብ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። አጠገቤ የምትተኛው አስተማሪ ሆዷን ሲያማት ቤተሰቧ ጠበል በጄሪካን ላኩላት። በባዶ ሆዷ፣ እስኪያስመልሳት፣ ጣሳ በጣሳ ላይ የቀዳሁላት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ማነሽ?» አለችኝ። ወዲያው አንዘፈዘፋት።

ሆስፒታል ያለ አስታማሚ አይተኛም። ቤተሰቧ ስለተከለከለ እኔን አብረው ላኩኝ፤ አንድ ፖሊስም ተከተለን።

«ውሃው በዝቶ የደሟ ጨው ወርዷል» አለች ነርሷ። «ደሟን እየመረመርን በዝግታ ነው የምንመልሰው። ጨዉ ቶሎ ከፍ ካለ ውሎ አድሮ አንጎሏን ይጎዳል። ይቺን እንዳትነኩ።» የጨው ውሃው ከተሰቀለው ከረጢት የሚወርድበትን ቱቦ መቆጣጠሪያ አሳየችን።

ፖሊሱ ነርሷ እስክትሄድ ጠበቀ።

«እማማ፣ በዚህ አካሄዱ እኮ ሳምንትም አይበቃው» ብሎ መቆጣጠሪያውን ለቀቀው።

«ተው ልጄ! አልሰማሃትም?» እጄን ጫንኩበት።

«ደግሞ አንቺ ሐኪም ሆንሽ?» ገፍቶ አስቀመጠኝ። ጮህኩ፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ማን ይስማኝ? ነርሷ ስትመለስ ከረጢቱ አልቋል። ራሷን ያዘች።

ማታ አስተማሪዋ ነቃች። በስሜ ጠራችኝ፣ ዳቦ ጠየቀች።

«አየሽ?» አለኝ ፖሊሱ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወደ ክፍላችን መለሱን። ከጥቂት ቀን በኋላ ምላሷ ተሳሰረ፣ እግሯ አልታዘዝ አላት።

የጣቢያው አዛዥ ወረቀት አምጥቶ ፈርሚ አለኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁና ሁለቴ አነበብኩት። ስትገባም እንዲህ ነበረች ይላል።

«በእግሯ ነው የገባችው» አልኩና ወረቀቱን መለስኩለት። በዚህ ሰበብ ሁለት ወር ታስሬ ቆየሁ።

እሷ ዛሬም ተደግፋ ነው የምትቀመጠው። ጠበሉን እኔ መቅዳቴን ለእናቷ በአፌ ነግሬአለሁ። የፖሊሱን ድርሻ ግን፣ ለምን እንዳደረገው፣ የሚነግረኝ አጥቼ ኖርኩ።

ከዓመታት በኋላ ጎፋ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየሁት፤ መለዮውን አውልቋል፣ ሸብቷል።

«ለምን ለቀቅከው?» አልኩት።

መጀመሪያ አላወቀኝም። ሲያውቀኝ አቀረቀረ።

«የሚተካኝ ተረኛ ቀርቶብኝ ነበር፣ እማማ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።»